ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቀለምና ስለ ዕድሜው

ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሥዕል የሚሳለም ምእመን አስቀድሞ የሚያየው የቅዱሱን መልክ ነው። ቀጥሎም ማን እንዳሣለው፥ በማንስ ዘመነ መንግሥት እንደ ተሣለ ይጠይቃል። ቀለሙ በምን ተለውሶ፥ በምን ላይ እንደ ተቀባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ የባለ እጁ ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሥዕልን ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነው። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ከነበሩት ሥዕሎች አንዳንዱ ሺህ ዓመት አልፎት ዛሬም እንደ ደመቀ ይታያል፤ አንዳንዱ በክረምት ፍሳሽ ታጥቦ ጠፍቷል፤ አንዳንዱም ከግድግዳው ተልጦ ባሕር ተሻግሯል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ከፊሉ የሰው ሥራ፥ ከፊሉም የቀለሙ ጠባይ ነው። ስለዚህ የቀለሙን ታሪክ ማወቅ ሥዕሉን ለመጠበቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቀለም ሁሉ ከሁለት ነገር የተገኘ ነው። አንደኛው መልክ የሚሰጠው ዱቄት ነው፤ ይኸውም ከአፈር፥ ከድንጋይ፥ ከከሰል ወይም ከቅጠል ተወቅጦና ተሰልቆ የሚወጣ ነው። ሁለተኛው ዱቄቱን እርስ በርሱ፥ ሁሉንም ደግሞ ከገበታው ወይም ከግድግዳው ጋራ የሚይዘው ማጣበቂያ ነው። ዱቄቱ ብቻውን ቢቀባ በደረቀ ጊዜ እንደ ትቢያ ይራገፋል። የሥዕል ዐይነት በስም የሚለየውም በማጣበቂያው ነው። አንዱ ቀይ አፈር በእንቁላል ወይም በሙጫ ቢለወስ ቴምፐራ፥ በዘይት ቢለወስ የዘይት ቀለም፥ በውሃ ብቻ ተበጥብጦ ባልደረቀ የኖራ ምርግ ላይ ቢቀባ ፍሬስኮ ይባላል።

በዕድሜ ከቀደሙት የክርስቲያን ሥዕሎች መካከል በደብረ ሲና በቅድስት ካትሪን ገዳም ያሉት ይገኙባቸዋል። ከነዚህም በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሣለ የሚታመነው የጌታችን ሥዕል ዱቄቱ በቀለጠ ሰም ተለውሶ የተቀባ ነው። ይህ ጥበብ ቀድሞ በግብጽ የታወቀ ነበር፤ ከ1ኛው እስከ 3ኛው መቶ ዓመት ድረስ በፋዩም የነበሩ ሰዎች የሙታናቸውን መልክ በሰምና በቴምፐራ እያሣሉ ከሬሳው ጋራ ይቀብሩ ነበርና። በኋላ የሰሙ ሥራ እየቀረ ሄደ፤ እንቁላልም ቦታውን ወሰደ። የእንቁላል አስኳል ከውሃና ከዱቄት ጋራ በተለወሰ ጊዜ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ከቆየም በኋላ ይጠነክርና ውሃ በቀላሉ አያነሣውም። ፈጥኖ ስለሚደርቅም ሠዓሊው አንዱን ቀለም ከሌላው ጋራ በቡሩሽ እያሸ ለማዋሐድ አይችልም፤ ቀጫጭን መስመር በመስመር ላይ እየደረበ ብርሃኑንና ጥላውን ያወጣል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ በ1400 ዓመት ገደማ በጻፈው የሥራ መጽሐፍ ይህን በዝርዝር አስረድቷል። የከተማ ዶሮ አስኳል ነጣ ያለ ስለ ሆነ ለወጣት ፊት፥ የገጠር ዶሮ አስኳል ቀላ ያለ ስለ ሆነ ለሽማግሌ ፊት እንዲሆን እስከ መምከር ደርሷል።

የዘይት ቀለም ግን ቀስ ብሎ ይደርቃል። እንደ ተልባ ያለው ዘይት ከአየሩ ጋራ እየተዋሐደ እስኪጠነክር ድረስ ቀኖች፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንቶች ያልፋሉ። ስለዚህ ሠዓሊው ቀለሙን እያሸ ሥጋው ሥጋ፥ ሐሩ ሐር እስኪመስል ድረስ ሊያለዝበው ይችላል። ይህን ጥበብ የፈለሰፈው የፍላንድሩ ሠዓሊ ያን ቫን ኤይክ ነው እየተባለ ብዙ ዘመን ተነግሯል፤ ነገሩን ያሰፋውም በ1550 የታተመው የቫዛሪ መጽሐፍ ነው። ዳሩ ግን ቴዎፍሎስ የሚባል መነኵሴ በ12ኛው መቶ ዓመት ስለ ዘይት ቀለም ጽፎ ነበር፤ በአፍጋኒስታን በባሚያን ዋሻዎች ውስጥም ከዚያ በብዙ የሚቀድሙ የዘይት ሥዕሎች ተገኝተዋል። ቫን ኤይክ ጥበቡን ወደ ከፍተኛ ደረጃ አደረሰው እንጂ አልጀመረውም። ፍሬስኮ ደግሞ ከሁሉ የተለየ ነው። ርጥቡ ኖራ ከአየሩ የከሰልን ጋዝ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ዱቄቱን በውስጡ ይዞ ያስቀረዋል፤ ስለዚህም ሌላ ማጣበቂያ አያሻውም።

ኢትዮጵያ ከግብጽ፥ ከሶርያና ከኢየሩሳሌም ጋራ በሃይማኖት የተገናኘች ስለ ሆነች የሥዕል ጥበብ ወደርስዋ የገባው በጥንት ዘመን ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው በዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው ወንጌል ነው። አበው ሲተርኩ፥ አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ እግዚአብሔር ፀሐይን አቆመላቸው ይላሉ። የውጭ አገር ሊቃውንት ግን መጽሐፉ ከ11ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተጻፈ ነው ሲሉ ኖረዋል። በኋላ ከብራናው ጥቂት ቍራጭ ተወስዶ በኦክስፎርድ በካርቦን ምርመራ ዕድሜው ሲታይ፥ ብራናው ከ330 እስከ 650 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የገዳሙ መነኰሳት ሲናገሩት የኖሩት ጥንታዊነት ከሊቃውንቱ ግምት ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርቦ ነበር ማለት ነው። ቀለሙ ይህን ያህል ዘመን ሳይደበዝዝ የኖረበት ምክንያትም ግልጥ ነው፤ የመጽሐፍ ሥዕል ብዙውን ጊዜ ተከድኖ በጨለማ ይቀመጣል፤ ፀሐይ አያነጣው፥ የጧፍ ጢስ አያጠቍረው፥ እጅም አይበዛበት።

የብራናው ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ በየገዳሙና በየደብሩ ያልጠፋ ጥበብ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቈዳ በውሃ ተዘፍዝፎ በእንጨት አራት ማዕዘን ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጕሩ ተፍቆ በድንጋይ ይለሰልሳል፤ ከደረቀም በኋላ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ጥላሸትና የተቃጠለ እህል፥ ቅጠልም ተጨምሮበት፥ ለብዙ ወር እየታሸ የሚበስል ሲሆን በሙጫ ይያዛል። ቀዩ ቀለም ለእግዚአብሔር፥ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም የተለየ ነው። ቁም ጸሐፊው ጽሕፈቱን በመቃ ብዕር ከፈጸመ በኋላ ለሐረጉና ለሥዕሉ የተተወውን ባዶ ስፍራ ሠዓሊው ይሞላዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጸሐፊውና ሠዓሊው አንድ ሰው ነው።

ከመጽሐፍ ቀጥሎ የሚነገረው የግድግዳ ሥዕል ነው። በላስታ በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፥ በላሊበላም በቤተ ማርያም ጥንታዊ ሥዕሎች አሉ። ከላሊበላ ብዙ በማይርቀው በገነተ ማርያም ደግሞ ከ1270 እስከ 1285 የነገሡት የዐፄ ይኵኖ አምላክ መልክ ከቅዱሳኑ ሥዕል ጋራ በግድግዳው ላይ ይታያል። እነዚህ ሥዕሎች እንደ ጣሊያን ፍሬስኮ በርጥብ ኖራ የተሠሩ አይደሉም፤ ምርጉ ከደረቀ በኋላ በማጣበቂያ በተለወሰ ቀለም የተቀቡ ናቸው። በደረቅ ምርግ ላይ መሣል ለሠዓሊው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ቀለሙ ከላይ ተለጥፎ እንጂ ወደ ውስጥ ገብቶ አልተዋሐደምና ርጥበት ሲያገኘው ይፈረፈራል። ከዐለት የተፈለፈሉትና በዋሻ ውስጥ የታነጹት አብያተ ክርስቲያናት ከዝናምና ከእሳት ስለ ተጠበቁ ሥዕላቸው በከፊል ተረፈ። በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው ሣር የለበሱት ግን ከ1529 እስከ 1543 በነበረው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን እጅግ ብዙዎቹ ተቃጥለዋልና፥ በውስጣቸው ምን ተሥሎ እንደ ነበረ የሚያይ ዐይን ዛሬ የለም።

ከዚያ ዘመን አስቀድሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መንግሥት፥ ይኸውም ከ1434 እስከ 1468፥ የገበታ ሥዕል ታላቅ ክብር አገኘ። ንጉሡ የእመቤታችን በዓላት ሠላሳ ሦስቱ እንዲከበሩ፥ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብና ሥዕሏ በክብር እንዲሰገድላት ሥርዐት አጸና። ሥዕል የሥርዐቱ ክፍል በሆነ ጊዜ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሸከሙት፥ በበዓል ቀን የሚያወጡት ገበታ አስፈላጊ ሆነ። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሠዓልያን ስሙ በሥራው ላይ ተጽፎ የተገኘው ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኵሴ ነው፤ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እመቤታችንን ከልጅዋ ጋራ፥ ሚካኤልንና ገብርኤልንም በግራና በቀኝ አድርጎ የሣለው ታላቅ ገበታ ይታወቃል። የኢትዮጵያ ሠዓልያን ስማቸውን መጻፍ እምብዛም የማይወዱ ስለ ነበሩ ይህ ጽሕፈት ለታሪክ ብርቅ ነው።

የገበታው አሠራር እንደሚከተለው ነው። እንደ ዋንዛና እንደ ወይራ ያለ እንጨት ተጠርቦ ይስተካከላል። ቀለሙ በጥሬው እንጨት ላይ ቢቀባ ስለሚጠጣ፥ አስቀድሞ ነጭ ምርግ ይቀባበታል፤ ይኸውም ዛሬ በጣሊያንኛ ስሙ ጄሶ የሚባለው ዱቄት፥ ቈዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ተለውሶ ነው። ምርጉ ደርቆ ከለሰለሰ በኋላ ሠዓሊው ንድፉን ያወጣል፤ ሰፊውን ስፍራ በአንድ ወጥ ቀለም ይሞላል፤ በልብሱ ዕጥፋት ላይ መስመር ይጨምራል፤ በመጨረሻም የዐይኑን፥ የአፍንጫውንና የእጁን ዙሪያ በጥቁር ይስላል። ቀለሙንም የሚይዘው በብዙው የእንስሳ ሙጫ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሥዕል ቴምፐራ ይባል እንጂ ከቼኒኒ የእንቁላል ቴምፐራ ይለያል። ሙጫ ሲደርቅ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ነገር ግን ውሃ በነካው ጊዜ እንደ ገና ይሟሟል። የሥዕሉም ድካም ከዚህ የመጣ ነው። ቀደምት ሠዓልያን ለገበታው እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ ያበጁለት የነበረው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ መዝጊያው ሥዕሉን ከጢስ፥ ከብርሃንና ከእጅ ይጠብቀዋል።

ከውጭ የመጡ ሠዓልያንም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላቸው። ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሰው በ1480 ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ መርቆሬዎስ ተብሎ ኖረ፤ በ1520 የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በሕይወት አግኝቶታል። ከዚያም በኋላ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በሮማ በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን፥ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ተብላ የምትከበረውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጅ አመጡ። እጆችዋ የተጣመሩ፥ ከቀኝ እጅዋ ሁለት ጣቶች የተዘረጉ፥ በግራ እጅዋም መሐረብ የያዘች ናት። ይህች ሥዕል ምስለ ፍቁር ወልዳ እየተባለች በአገሩ ሁሉ ተስፋፋች። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ዓመታት ካህናቱን ከአገር ሲያስወጡ ትምህርታቸው አብሯቸው ወጣ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። የኢትዮጵያ ሠዓልያን መልኩን ተቀብለው በራሳቸው ገበታ፥ በራሳቸው ሙጫና በራሳቸው መስመር ስለ ሠሩት የባዕድ መሆኑ ተረሳ።

መናገሻዋ ጐንደር ከሆነች በኋላ በግድግዳ ሥዕል ላይ ታላቅ ለውጥ ታየ። ሠዓሊው በምርጉ ላይ በመሣል ፈንታ የጥጥ ሸማ በሙጫ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ እየለጠፈ በዚያ ላይ ይሥል ጀመር። ይህ ብልሃት ብዙ ጥቅም አለው። የጭቃው ግድግዳ ቢሰነጠቅ ሸማው ስንጥቁን ይሸፍነዋል፤ የቀለሙም መደብ የተስተካከለ ይሆናል። በክብ አብያተ ክርስቲያናት በቅድስት ቆሞ የመቅደሱን ግድግዳ የሚመለከት ምእመን በበሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙትን ሊቃነ መላእክት፥ በፈረስ የተቀመጠውን ቅዱስ ጊዮርጊስን፥ የጌታችንን ሕማምና የእመቤታችንን ተአምር እንደ መጽሐፍ ያነባል። ጻድቁ በሁለት ዐይኑ፥ ኀጥኡ ግን በጐን በአንድ ዐይኑ እንዲታይ መሣሉም ፊደል ላልተማረው ሕዝብ ንባብ ነበር። በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የተመሠረተችው የጐንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ፥ እቴጌ ምንትዋብም በጣና በደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ በሥዕላቸው የተመሰገኑ ናቸው። በ1888 ደርቡሾች ጐንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን እንደ መለሰ ይተረካል።

ዳሩ ግን ሸማው ለሥዕሉ መዳኛም መጥፊያም ሆነ፤ በሙጫ የተለጠፈ ነገር ሊላጥ ይችላልና። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፥ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ ጓድ ጐንደር ተቀምጦ በነበረ ጊዜ፥ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ከተሠራችው ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ከግድግዳው አስወልቆ ወሰደ። በምትካቸውም ከጓዱ ጋራ የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ አዲስ ቅጅ ሣለ። ጥንታውያኑ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር አሉ። በምርግ ላይ በቀጥታ የተሣለ ሥዕል ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ሳይፈርስ እንዲህ ባለ ቅለት አይነሣም ነበር። ወሳጆቹ የቆየው ሥዕል በዝናምና በቸልታ እንዳይጠፋ አዳንነው ይላሉ፤ ሆኖም ለጸሎት የተሣለው ከጸሎት ቦታው ተለየ፤ የተሠራለት ሕዝብም እንዳያየው ሆነ።

የገበታ ሥዕልም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ኩርዐተ ርእሱ የተባለው፥ የእሾህ አክሊል የደፋ የጌታችን ሥዕል በ1500ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ሲሆን፥ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይሄዱ፥ መኳንንቱም በፊቱ ይምሉ ነበር። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የመጣው የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሰው ሪቻርድ ሆምስ ሥዕሉን ለራሱ ወሰደው። በ1917 በሎንዶን በጨረታ ተሸጠ፤ ከዚያም ወደ ፖርቱጋል ተሻግሮ በግለሰብ እጅ ቀረ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መቶ ዓመት ቀለሙ ራሱ ተለወጠ። ቀድሞ ሠዓሊው የሚያገኘው ቀይና ቢጫ አፈር፥ ከሰል፥ ጄሶ፥ ከቅጠል የሚወጣ ሰማያዊ፥ ከሩቅ አገርም በነጋዴ እጅ የሚመጣ ጥቂት የድንጋይ ቀለም ነበር። በ1700ዎቹ መጀመሪያ በበርሊን፥ በ1820ዎቹም በፈረንሳይ በኬሚያ ጥበብ የሚሠሩ ርካሽ ሰማያዊ ቀለሞች ከተገኙ በኋላ የዓለም ሠዓልያን ሥራ ሁሉ ተለወጠ። ይህም ለመርማሪ ሰው ጥሩ ምልክት ነው፤ በ1820ዎቹ የተገኘ ቀለም በአንድ የቆየ ሥዕል ላይ ቢታይ፥ ወይ ሥዕሉ ከዚያ ወዲህ የተሣለ ነው፥ ወይ በላዩ ሌላ እጅ ገብቶበታል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በጣሊያን አገር በቶሪኖ የሥዕል ጥበብ ተምረው ተመልሰው የእንጦጦ ራጕኤልን ቤተ ክርስቲያን በሥዕል አስጌጡ። ከጦርነቱም በኋላ በአሜሪካ በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በቆርቆሮ የሚሸጠው የዘይት ቀለም ውሃ የማይፈራ፥ የሚያበራም ስለ ሆነ በየደብሩ ተወደደ።

ነገር ግን አዲሱ ቀለም ለአዲስ ግድግዳ በረከት ሲሆን ለአሮጌ ሥዕል ጥፋት ሆኗል። የዘይት ቀለም በደረቀ ጊዜ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው የሙጫ ቀለም ደግሞ ልልና እንደ ዱቄት ያለ ነው። ጠንካራው በልሉ ላይ በተቀባ ጊዜ ሲኰማተር የታችኛውን አብሮ ይነቅለዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ያደሰው ሰው አክባሪ መሆኑ አይጠረጠርም፤ ጥፋቱ የመጣው ከንቀት ሳይሆን ከአለማወቅ ነው። በውሃ በተነከረ ጨርቅ ጢሱን ልጥረግ ብሎ የቅዱሱን ፊት አብሮ የሚያነሣውም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ካህናትና ምእመናን የሚያገኙት ትምህርት ግልጥ ነው። ለሥዕል የመጀመሪያው መድኀኒት ከሥዕሉ ላይ ሳይሆን ከጣራው ላይ ነው፤ ክረምት ሳይገባ የሚያፈሰውን ስፍራ የደፈነ ደብር ለሥዕሉ ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል። አቧራ ቢበዛ ቀለሙን የሚያውቅ ባለ ሙያ ይጠራ እንጂ እርጥብ ጨርቅ አይንካው። ጧፍና ሻማ ከሥዕሉ ራቅ ብለው ይብሩ። አሮጌው ደብዝዟል ተብሎ አዲስ ሥዕል ቢያስፈልግ በሌላ ስፍራ ይሣል እንጂ በአሮጌው ላይ አይቀባ። ሥዕሉም ሁሉ ከነልኩና ከነፎቶግራፉ በደብሩ የንብረት መዝገብ ይግባ፤ በመዝገብ ያልተጻፈ ነገር ቢጠፋ የእኛ ነው ብሎ ለመጠየቅ ያስቸግራልና። እድሳትም ሲታሰብ ሀገረ ስብከቱና የቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አስቀድመው ይወቁ።

ፍሬ ጽዮን በዳጋ ገበታውን ከሣለ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አልፎታል። በነዚህ ዘመናት ሁሉ ሥዕሉን ያኖረው የሠዓሊው እጅ ብቻ አይደለም፤ ስማቸው በምንም ያልተጻፈ ዕቃ ቤቶችና ዲያቆናት በበዓል ቀን አውጥተው፥ ከበዓሉ በኋላ በመጐናጸፊያ ሸፍነው ወደ ስፍራው ይመልሱት ነበር። ኢዮቤልዩ የሚያከብር ደብርም ከአባቶቹ የተቀበለውን ቈጥሮ ለልጆቹ የሚያስረክብበት ጊዜ ደርሶለታልና፥ በቍጥሩ ውስጥ ሥዕሎቹን እንዳይረሳ ይገባል።